ስለ ተሽከርካሪ ጕድለት ማስታወቅ፤ በአሶሳና በአካባቢዋ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ጕድለት በታየ ጊዜ ነገሩን ለሚመለከተው ኹሉ ማስታወቅ ምን ጥቅም እንዳለው፣ እንዴትስ እንደሚፈጸም ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው አሶሳንና የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል ነው። ሐሳባችን ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሾፌር ብቻውን የሚያውቀው ጕድለት ጥቅሙ ከአንድ መኪና አያልፍም፤ ተጽፎ ከሌሎች ጋር የተሰበሰበ ጕድለት ግን ገና ያልደረሰባቸውን ሰዎች ሕይወት ሊያድን ይችላል።

1. የአገሩና የመንገዱ ኹኔታ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ የሚያልፈው መንገድ ዳገትና ቍልቍለት የበዛበት ነው። ከከተማዋ ወደ ኩርሙክ የሚሄድ መኪና ደግሞ ከወይና ደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። በቍልቍለት ላይ ፍሬን አብዝቶ ሲረገጥ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ እጅግ የጋለ ሸራም የመያዝ ኀይሉ ይቀንሳል። ዝናሙ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ጭቃና ውሃ ወደ ጎማው ኩሽኔታ ይዘልቃሉ፤ በበጋ በተራው አቧራ ይገባል። ጭነት ሲበዛና መንገዱ ሲጎረብጥ ባሌስትራ ይሰበራል። እንግዲህ በለሰለሰ አስፋልት ላይ ለብዙ ዓመት ተሰውሮ የሚኖር ድክመት እዚህ ፈጥኖ ይገለጣል። ስለዚህም የአሶሳ ሾፌርና መካኒክ የሚያዩት ነገር ለሌላውም አገር ይጠቅማል።

በከተማው ውስጥ ሕዝቡ የሚመላለሰው ይልቁንም በባጃጅ ነው። ብዙው የባጃጅ ሾፌር የባጃጁ ባለቤት አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የተወሰነ ገንዘብ አስገብቶ የተረፈውን ለራሱ ይወስዳል። ይህ ልማድ ለርእሳችን ትልቅ ትርጕም አለው፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

2. የጕድለት ዓይነቶች

ጕድለት ኹሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሦስት ከፍለን እንመለከተዋለን።

አንደኛው ከእርጅናና ከጥገና ማነስ የሚመጣ ነው፤ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የላላ መሪ፣ ያለቀ ጎማ ከዚህ ይቈጠራሉ። ሁለተኛው በተተካው መለዋወጫ ምክንያት የሚመጣ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ደኅና የሚመስል፣ ነገር ግን ከደካማ ብረት ወይም ከደካማ ጎማ የተሠራ ዕቃ በጥቂት ወራት ይሰበራል። ሦስተኛው ተሽከርካሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ አብሮት ያለ ጕድለት ነው።

የመጀመሪያውን ባለቤቱ ራሱ ሊያስወግደው ይችላል። የቀሩትን ሁለቱን ግን አንድ ሰው ብቻውን ለይቶ ሊያውቃቸው አይችልም። አንድ መካኒክ አንድ የተሰበረ ዕቃ ቢያይ «ዕድሜው ነው» ይላል። ዐሥር መካኒኮች አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዓይነት ቦታ ተሰብሮ ማየታቸውን ቢነጋገሩ ግን ነገሩ ዕድሜ እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

3. ነገሩ ሳይነገር የሚቀርበት ምክንያት

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የተረከበውን ዕቃ እንዲመረምር፣ ጕድለት ቢያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ነገር ግን ይህ በሁለት ሰዎች መካከል የሚያልቅ ጕዳይ ነው፤ ሦስተኛው ሰው አይሰማውም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቍጥር 681/2002ም ተሽከርካሪዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ ደንግጓል። ሕዝቡ «ቦሎ» የሚለው ምልክት የዚህ ዓመታዊ ምርመራ ማስረጃ ነው። ሆኖም ምርመራው የመኪናውን የአንድ ቀን ኹኔታ ያሳያል እንጂ የቀሩትን 364 ቀናት አያሳይም። በእነዚህ ቀናት መርማሪው ሾፌሩ ነው።

ታዲያ ሾፌሩ ለምን አይናገርም? የመጀመሪያው ምክንያት እንጀራ ነው። ባጃጁ ለጥገና በቆመበት ቀን ገቢ የለም፤ «ፍሬኑ አይዝም» እያለ የሚመላለስ ሾፌርም ባለቤቱ ቍልፉን ለሌላ ይሰጥብኛል ብሎ ይሠጋል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ ጕድለቱን መናገር ባለቤቱን ወይም መካኒኩን መክሰስ ይመስላል። ሦስተኛው ግን ከኹሉ ይብሳል፤ ቢናገርም ተቀብሎ የሚጽፍለት ሰው የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችን የሚወቅሰው ደባቂውን ነው። እኛ ግን ጠያቂ የሌለው በሽተኛ ደበቀ ሊባል አይገባም እንላለን።

4. ሁለት ምሳሌዎች

ያልተሟላ ማስታወቂያ ምን እንደሚያስከትል ከአውሮፕላን ታሪክ እንረዳለን። አውሮፕላንም ተሽከርካሪ ነውና ነገሩ ከርእሳችን አይወጣም። ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ አንድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከዴንፓሳር ወደ ጃካርታ ሲበር አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች ይደፋ ጀመር፤ የአብራሪው መሪም ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። አብራሪዎቹ እንደ ምንም ተቈጣጥረው በደኅና አሳረፉት። በጥገናው መዝገብ ላይ ግን የጻፉት ስለ ፍጥነትና ስለ ከፍታ መለኪያዎች አለመስማማትና ስለ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ ነበር፤ የመሪውን መንቀጥቀጥና አፍንጫውን የሚደፋውን መሣሪያ ማጥፋታቸውን አልጻፉም። መካኒኮቹም የተጻፈውን ብቻ አይተው አውሮፕላኑን ለቀቁት። በማግስቱ ጠዋት ያው አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች ለአደጋው አስተዋጽኦ አድርገዋል ካሏቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ የመዝገብ ጕድለት ነው። ዋናው ስሕተት በአውሮፕላኑ አሠራር ላይ ነበር። ያም ስሕተት ሳይታረም ቆይቶ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቍጥር 302 ከአዲስ አበባ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም ሞቱ። ዓለም በሙሉ ያን አውሮፕላን ከበረራ ያገደው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ መኪና ነው። ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ተሳፋሪውን የሚደግፈው ከረጢት፣ የሚነፋው በአሞኒየም ናይትሬት ነበር። ይህ ቅመም ሙቀትና እርጥበት ለብዙ ዓመት ሲፈራረቁበት ይበላሻል፤ በሚፈነዳበትም ጊዜ የብረት ማቀፊያውን ሰባብሮ ስብርባሪውን በሰው ላይ ይወረውራል። በዓለም ላይ ከ30 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ሞተዋል፤ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ መንፊያዎችም እንዲለወጡ ጥሪ ተደርጓል። ይሁን እንጂ አምራቹ ጥሪውን የሚልከው መኪናው በተሸጠበት አገር ለተመዘገበው ባለቤት ነው። ያገለገለ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የገባን መኪና ደብዳቤው አይከተለውም። የአሶሳ ሙቀትና ረጅም ክረምት ደግሞ ያን ቅመም የሚያበላሽ ዓይነት አየር ነው።

5. ማስታወቂያው እንዴት ይጻፍ?

ከላይ ከተነገረው ተነሥተን አንድ ጥሩ ማስታወቂያ የሚከተሉትን መያዝ አለበት እንላለን።

ሀ) የተሽከርካሪው ዓይነት፣ የተሠራበት ዓመትና የሻንሲው ቍጥር። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቍጥራቸው በሌላው ዓለም ከተለመደው ባለ 17 ምልክት ቍጥር ያጠረ ነውና እንዳለ ይገልበጥ።

ለ) ጕድለቱ የታየበት ቀን፣ ቦታና ኹኔታ፤ ዳገት ነበርን? ዝናም ነበርን? ጭነቱስ ምን ያህል ነበር?

ሐ) የታየው፣ የተሰማውና የሸተተው ነገር ኹሉ፤ ተራ ቢመስልም አይተው።

መ) የሾፌሩ ወይም የመካኒኩ ግምት፤ ይህ ግን ከታየው ነገር ተለይቶ ለብቻው ይጻፍ።

ሠ) የተለወጠው ዕቃና የተሠራበት አገር።

የባለቤቱ ስም እንዲጻፍ አያስፈልግም። የምንፈልገው ጕድለቱን ነው፤ ስሙ ሲቀር ፍርሃትና ይሉኝታም ይቀንሳሉ። ቋንቋም ትልቅ እንቅፋት አይሆንም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ ሾፌሩ የበርታ፣ የጉሙዝ ወይም የሽናሻ ተወላጅ ቢሆንም ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራና ኩሽኔታ የሚሉት ከጣልያንኛ የመጡ ስሞች በየጋራዡ የታወቁ ናቸው። መጻፍ ለማይችለው ደግሞ ሌላ ሰው ይጻፍለት።

6. መደምደሚያ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ያሉት መኪኖች እየተጠገኑ ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላሉ፤ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም መካኒኮቻችን ገና ያልለመዱትን ጕድለት ይዘው ይመጣሉ። በሁለቱም በኩል የተጻፈ ማስታወሻ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በመናኸሪያውና በየባጃጅ ማኅበሩ አንድ አንድ መዝገብ ይቀመጥ፤ በየወሩ የቴክኒክ ተማሪዎች መዝገቦቹን አስተያይተው ተደጋግሞ የታየውን ጕድለት ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤትና ለአስመጪው ያስታውቁ፤ ውጤቱም ጕድለቱን ለተናገሩት ሾፌሮች ተመልሶ ይነገር። የመጨረሻው ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ የነገረው ነገር ምን እንደ ደረሰ ያልሰማ ሰው ሁለተኛ አይናገርምና።