ያልተሸጠ ቲማቲምና ግብር፦ መጣልና መስጠት በሕግ ዓይን

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ የነበረውን አትክልት ተራ አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ የነጋዴው ችግር ግን አብሮት ሄደ። ቲማቲም ነገን አይጠብቅም። ማታ የተረፈው ወይ ይጣላል፣ ወይ ለተቸገረ ይሰጣል። ግብር ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያቸዋልን?

በምሳሌ እንየው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አንድ አከፋፋይ 40 ሣጥን ቲማቲም እያንዳንዱን በ500 ብር ገዛ እንበል። 10 ሣጥን ተረፈው፤ ግዢው 5,000 ብር ነው። ከጣለውና ብልሽቱን በሰነድ ካስረዳ፣ ዕቃው በዓመቱ መጨረሻ ክምችት ውስጥ ስለማይቆጠር 5,000 ብሩ የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ውስጥ ይገባል። ምንም ጣሪያ የለበትም።

ከሰጠውስ? የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እንደወጣ፣ ስጦታ ተቀናሽ የሚሆነው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር፣ አለበለዚያም መንግሥት እንደ ወረርሽኝና የተፈጥሮ አደጋ ላሉ ምክንያቶች ለሚያቀርበው የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ሲሰጥ ነው። ያም ሆኖ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ሣጥኑን ለተሸካሚዎችና ለጎዳና ልጆች ያካፈለ ሰው በእኔ ንባብ ተቀናሽ አያገኝም። በከሰረበት ዓመት ለሕጋዊ ድርጅት ቢሰጥም የዜሮ 10 በመቶ ዜሮ ነው። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ በዐይነ ሕሊናው የነበረው ገንዘብ እንጂ የሚበሰብስ ዕቃ አልነበረም።

ይኸው አዋጅ እንደወጣ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው የደረጃ «ሐ» ነጋዴ ደግሞ በሽያጩ መጠን የተቆረጠ ግብር ይከፍል ነበር። ለእርሱ ተቀናሽ የሚባል ነገር ትርጉም አልነበረውም። በጉሊት ተቀምጣ የምትሸጠው እናት ግን ከማንም በላይ የምትሰጥ ናት።

ፈረንሳይ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ የምግብ መደብሮች የሚበላ ትርፍ ምግብ እንዳያጠፉ ከልክላለች፤ ለሚሰጡትም የግብር ቅናሽ አላት። እኛ ያን ያህል መሄድ አያስፈልገንም። የሚበላሽ ምግብ ስጦታ በግዢ ዋጋው ከጣሪያው ውጪ እንደ ብልሽት ቢቆጠር ይበቃል። አስቸጋሪው ማስረጃው ነው፤ ማታ በ12 ሰዓት ደረሰኝ የሚቆርጥ ተቀባይ ከየት ይመጣል? የገበያው አስተዳደር የሚፈርምበት አንድ የርክክብ መዝገብ ለመነሻ የሚሆን ይመስለኛል።