ስም ሰጪው ቢርቅም ያልጠፋው ቀበቶ፦ የሜክሲኮ ነጻ ትግል የዌልተር ሚዛን ሻምፒዮና ታሪክ

ዓርብ ምሽት በሜክሲኮ ሲቲው «አሬና ሜክሲኮ» ጭምብል ያጠለቁ ተፋላሚዎች ከገመድ ላይ እየዘለሉ ሲገጥሙ አዳራሹ በጩኸት ይናወጣል። የሻምፒዮንነት ቀበቶ የሚያስይዝ ግጥሚያ ሲታወጅ ግን ድባቡ ይለወጣል። ሦስት ሦስት ሆነው የሚፋለሙበት የተለመደው ትርምስ ይቀርና ሁለት ሰዎች ብቻ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቀበቶው ለተመልካች ከፍ ተደርጎ ይታያል። ከዚያም ትግሉ በዝግታ፣ በመያዝና በማምለጥ ጥበብ ይጀመራል።

በዚህ መድረክ ከሚቀርቡት ማዕረጎች አንዱ «የኤንደብሊውኤ ታሪካዊ የዓለም ዌልተር ሚዛን ሻምፒዮና» ይባላል። በስሙ መነሻ ላይ ያሉት ፊደላት «ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ» የተሰኘውን የአሜሪካ ኅብረት ያመለክታሉ። ይሁንና ማዕረጉን የሚያዘጋጀው የሜክሲኮ ድርጅት ከዚህ ኅብረት ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። «ታሪካዊ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋው የማዕረጉ ጉዞ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ ሻምፒዮንነት የማን ንብረት ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውጤቱ አስቀድሞ ከተወሰነ ማዕረግ ምን ይፈይዳል?

በሜክሲኮ «ሉቻ ሊብሬ»፣ ማለትም ነጻ ትግል፣ ተብሎ የሚጠራው ትዕይንት እንደ ሌሎች አገሮች ፕሮፌሽናል ትግል ሁሉ አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት ነው። ሕመሙና የሚፈልገው ብቃት እውነተኛ ናቸው። ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ግን አዘጋጁ ድርጅት ነው። ስለዚህ ቀበቶው እንደ ሩጫ ሜዳሊያ ፈጣኑ የሚወስደው ሽልማት አይደለም። አዘጋጁ «ሕዝቡ ይህን ሰው ለማየት ገንዘቡን ከፍሎ ይመጣል፤ ትልቁን ግጥሚያም ይሸከማል» ብሎ የሚሰጠው የአደራ ምልክት ነው።

ይህ አደራ ክብደት የሚኖረው ተመልካቹ ሲቀበለው ብቻ ነው። በመሆኑም የማዕረግ ግጥሚያዎች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በተለምዶ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። አንድ ዙር የሚጠናቀቀው የተጋጣሚ ትከሻ ከምንጣፉ ተጣብቆ ዳኛው ሦስት ሲቆጥር ወይም የተያዘው ሰው እጁን ሲሰጥ ነው። የክብደት ምድብም አለ፤ ዌልተር ሚዛን በሜክሲኮ ከ70 እስከ 78 ኪሎ ግራም ያለውን ያመለክታል፣ ምንም እንኳ አዘጋጆች ደንቡን ሁልጊዜ በጥብቅ ባይከተሉትም። በግዙፋን ላይ ካተኮረው የአሜሪካ ትግል በተለየ፣ በሜክሲኮ ቀለል ያሉት ምድቦች ለረጅም ዘመን የመድረኩ ዋና መስሕብ ነበሩ።

ማዕረጎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። «ብሔራዊ» የሚባሉት ፈቃዳቸውን የሚያገኙት ከሜክሲኮ ሲቲ የቦክስና የትግል ኮሚሽን ነው። «የዓለም» የሚባሉት ደግሞ በአዘጋጅ ድርጅቶች እጅ ያሉ ናቸው። የዌልተር ሚዛኑ ማዕረግ ከሁለተኛው ወገን መሆኑ ኋላ ለተነሣው ውዝግብ መንሥኤ ሆኗል።

ከ1933 እስከ 1946

የሜክሲኮ ነጻ ትግል አባት ተብሎ የሚታወቀው ሳልቫዶር ሉተሮት ነው። ሉተሮት በ1920ዎቹ መገባደጃ በድንበር ከተማዋ ሲውዳድ ሁዋሬዝ ሲኖር ድንበር ተሻግሮ በቴክሳሷ ኤል ፓሶ የትግል ትዕይንት ተመለከተና ተማረከበት። በ1933 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ድርጅቱን አቋቁሞ የመጀመሪያውን ትዕይንት በመስከረም ወር አቀረበ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የውጭ አገር ተፋላሚዎች ሚና ትልቅ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን የአገሬው ልጆች መድረኩን ያዙት። ሚያዝያ 1943 ሉተሮት በመዲናዋ መሐል «አሬና ኮሊሴኦ»ን ከፈተ። መቀመጫዎቹ ወደ መድረኩ ቁልቁል ስለሚወርዱ ሕዝቡ አዳራሹን «ማንቆርቆሪያው» እያለ ይጠራዋል።

የዓለም ዌልተር ሚዛን ማዕረግ በሜክሲኮ የተጀመረው በ1946 ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮን አሜሪካዊውን ፒት ፓንኮፍን ያሸነፈው ባለ ብርማ ጭምብሉ ኤል ሳንቶ፣ ማለትም «ቅዱሱ»፣ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ማዕረጉ ኋላ ስሙን የሚሸከምለት ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ የተመሠረተው በ1948 በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ነው። የሉተሮት ድርጅት አባል የሆነው ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በሌላ አነጋገር ማዕረጉ ከአሊያንሱ ይቀድማል።

አባልነቱ ለሁለቱም ወገን ጠቅሟል። አሊያንሱ በየአካባቢው ያሉ አዘጋጆች አንዱ የሌላውን ገበያ ሳይነካ የሚሠሩበት ኅብረት ነበር። ሜክሲኮዎቹ ቀለል ያሉትን የክብደት ምድቦች የዓለም ማዕረጎች የማስተዳደር ድርሻ ሲያገኙ፣ አሊያንሱም ስሙ ከሪዮ ግራንዴ ማዶ እንዲሰማ ሆነለት።

ጭምብልና ቀበቶ

የማዕረጉን ክብር ከፍ ያደረገው በ1953 የተካሄደው ግጥሚያ ነው። ክብደቱን ለመረዳት የሜክሲኮን ጭምብል ትርጉም ማወቅ ያስፈልጋል።

በሜክሲኮ ተፋላሚዎች ጭምብላቸውን የሚያስይዙበት ግጥሚያ አለ። የተሸነፈው በሕዝብ ፊት ጭምብሉን አውልቆ እውነተኛ ስሙን ይናገራል፤ በወጉም መሠረት ያንን ጭምብል ዳግመኛ አያጠልቅም። ከዚህ የበለጠ ሽንፈት በመድረኩ የለም። በኅዳር 1952 ኤል ሳንቶ ብላክ ሻዶው የተባለውን ተጋጣሚ በአሬና ኮሊሴኦ አሸንፎ ጭምብሉን አስወለቀው። ብላክ ሻዶው ደግሞ ሰማያዊ ጭምብል ከሚያጠልቀው ብሉ ዴሞን ጋር የወንድማማች ጥምረት ፈጥሮ የሚገጥም ሰው ነበር። ብሉ ዴሞን የጓደኛውን ውርደት ለመበቀል ተነሣ።

ታሪኩ ወዴት እንደሚያመራ ተመልካቹ የሚጠብቀው ግልጽ ነበር፦ ጭምብል በጭምብል። አዘጋጁ ግን ከባድ ምርጫ ገጠመው። ኤል ሳንቶ በዚያን ጊዜ የሥዕላዊ መጽሔት ጀግና እስከመሆን ደርሷል። ብሉ ዴሞንም የሕዝብ ፍቅር እየጎረፈለት ነበር። ከሁለቱ አንዱ ጭምብሉን ቢያጣ ድርጅቱ ዳግም የማይተካውን ሰው ያጣል።

መፍትሔ የሆነው ቀበቶው ነው። ጁላይ 25 ቀን 1953 ብሉ ዴሞን ኤል ሳንቶን አሸንፎ የዓለም ዌልተር ሚዛን ማዕረግን ወሰደ። በቀሉ ተፈጸመ፤ አሸናፊውና ተሸናፊው በማያሻማ ሁኔታ ታወቁ፤ ሁለቱም ግን ጭምብላቸውን እንዳጠለቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የሻምፒዮንነት ማዕረግ በሜክሲኮ ያለው ልዩ ጥቅም በዚህ ምሽት ጎልቶ ታይቷል። ጭምብል አንዴ ከሄደ አይመለስም። ቀበቶ ግን ክብርን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ማንንም ሳያጠፋ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ጭምብላቸውን በመድረክ ሳይነጠቁ የሥራ ዘመናቸውን ጨረሱ። ትግሉን ሳያቆሙም ወደ ፊልም ዓለም ገብተው አንዳንዴም አብረው ተውነዋል። ኤል ሳንቶ በ1984፣ ብሉ ዴሞን በ2000 ሲያርፉ የተቀበሩት ጭምብላቸውን እንዳጠለቁ ነበር።

ብሉ ዴሞን ማዕረጉን ለአምስት ዓመት ያህል ይዞ በ1958 ለካርሎፍ ላጋርዴ አስረከበ። ላጋርዴም እስከ 1965 ድረስ ለሰባት ዓመታት ይዞት ቆየ። በእነዚህ አሥራ ሁለት ዓመታት ቀበቶው በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ መቆየቱ ክብሩን አጠናከረ፤ በየሳምንቱ የማይገኝ ነገር ዋጋው ይጨምራልና።

ቀበቶው በቶኪዮና በናሽቪል

በ1980ዎቹ መገባደጃ የሜክሲኮው ድርጅት ከአሊያንሱ ወጣ። ቆየት ብሎም «ኮንሴሆ ሙንዲያል ዴ ሉቻ ሊብሬ» የሚለውን የአሁኑን ስሙን ያዘ፤ ትርጉሙም «የነጻ ትግል የዓለም ምክር ቤት» ማለት ነው። በአዲሱ ስሙ የራሱን አዳዲስ የዓለም ማዕረጎች ፈጠረ። የቆዩትን የዌልተር፣ የመካከለኛና የቀላል ከባድ ሚዛን ማዕረጎች ግን ከነአሜሪካዊ ስማቸው ማዘጋጀቱን አላቆመም። ሕዝቡ የኤል ሳንቶንና የብሉ ዴሞንን ስም የሚያያይዘው ከእነዚህ ጋር ነበርና።

የቀበቶው ስም ከሜክሲኮ ውጭም ከባድ እንደነበር በ1996 ታየ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር በጃፓን የልዩ ልዩ ድርጅቶችን ስምንት የቀላል ሚዛን ማዕረጎች ወደ አንድ የሚያጠቃልል ውድድር ተዘጋጀ። ሜክሲኳዊው ኔግሮ ካሳስ የተሰለፈው የዌልተር ሚዛኑን ማዕረግ ይዞ ነበር። ውድድሩን ጃፓናዊው ዘ ግሬት ሳስኬ አሸነፈ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ሥራውን በሜክሲኮ የጀመረው ሌላው ጃፓናዊ ኡልቲሞ ድራጎን ስምንቱንም ወሰደ። ከእነዚህ በተጨማሪ የአሊያንሱን ስም የያዘው የመካከለኛ ሚዛን ማዕረግም በእጁ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በአሜሪካዋ ናሽቪል የአንድ አሜሪካዊ ድርጅት ማዕረግ ሲጨምር የቀበቶዎቹ ቁጥር አሥር ደረሰ። አሥር ቀበቶ የተሸከመው የአንድ ሰው ፎቶግራፍ እስካሁን በትግል ወዳጆች ዘንድ ይታወሳል።

ይህ ጥምረት ግን ብዙ አልቆየም። በ1997 መገባደጃ ፈርሶ ማዕረጎቹ ወደየመጡበት ተመለሱ። የዌልተር ሚዛኑም ወደ ሜክሲኮ ተመለሰ።

የ2010ሩ ውዝግብ

የባለቤትነቱ ጥያቄ በይፋ የተነሣው በ2010 ነው። አሊያንሱ በሜክሲኮ አዲስ ቅርንጫፍ ነበረው። የቅርንጫፉ ፕሬዚዳንት ደግሞ የቀድሞው ሻምፒዮን የብሉ ዴሞን የማደጎ ልጅ የሆነው ብሉ ዴሞን ጁኒየር ነበር። እርሱ በ2008 የአሊያንሱን የዓለም ከባድ ሚዛን ማዕረግ በማሸነፍ የመጀመሪያው ባለ ጭምብል ሻምፒዮን ለመሆን የበቃ ሰው ነው። በደብዳቤ ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፦ አባል ያልሆነ ድርጅት የአሊያንሱን ስም መጠቀም ያቁም።

ነገሩ በሁለት ዓይነት ሕጋዊነት መካከል የተፈጠረ ግጭት ነበር። አሊያንሱ ስሙ የእርሱ ነው። ሜክሲኮዎቹ በበኩላቸው ማዕረጉን ለስድስት አሥርተ ዓመታት ያዘጋጁት፣ ሻምፒዮኖቹን የመረጡትና ለሕዝብ ያቀረቡት እነርሱ ናቸው። ክርክሩን ያነሣው ሰው አባቱ በ1953 ለዚያው ማዕረግ ክብር ያበቃው መሆኑ ደግሞ ጉዳዩን ልዩ አድርጎታል።

ድርጅቱ በነሐሴ 2010 መውጫ መንገድ አገኘ። አሮጌዎቹን ሦስት ማዕረጎች ትቶ በምትካቸው «ታሪካዊ» የሚል ቅጽል የተጨመረባቸው አዲስ ማዕረጎችን አወጀ። በዌልተር ሚዛን የመጀመሪያው «ታሪካዊ» ሻምፒዮን እንዲሆን የተሰየመው የአሮጌው ማዕረግ ባለቤት ሜፊስቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ ማስካራ ዶራዳንና ቮላዶር ጁኒየርን የመሳሰሉ ታዋቂ ተፋላሚዎች ይዘውታል።

በወረቀት ላይ ማዕረጉ አዲስ ነው፤ የሚቆጠረውም ከ2010 ጀምሮ ነው። በአዳራሹ ላለው ተመልካች ግን ያው የኤል ሳንቶና የብሉ ዴሞን ቀበቶ ነው። አዘጋጁም ይህን አውቆ ስሙን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም። «ታሪካዊ» የሚለው ቃል ለሕጉ «ይህ ሌላ ነው» ሲል፣ ለሕዝቡ ደግሞ «ይህ ያው ነው» ይላል።

በ2018 የሜክሲኮ ሲቲ አስተዳደር ነጻ ትግልን የከተማዋ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ ሰይሞታል። የዌልተር ሚዛኑ ማዕረግ ታሪክ የዚህን ቃል ትርጉም በግልጽ ያሳያል። ቀበቶው ራሱ ቆዳና ብረት ነው፤ ሊያረጅ፣ ሊቀየር፣ ሊመለስም ይችላል። ከ1946 ጀምሮ ያልተቀየረው በየምሽቱ ቲኬት ገዝተው የሚገቡ ሰዎች «ይህን ማዕረግ ከእነ እገሌ ቀጥሎ የያዘው ይህ ነው» ብለው የሚቆጥሩት የስም ዝርዝር ነው። ስምን የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን የድርጅቶች ቢሆንም፣ ያንን ስም ክቡር ወይም ባዶ የሚያደርገው ይህ የሕዝብ ትውስታ ነው።