በውሾች ሳንባ ላይ የሚነሳ ካንሰርና የቀዶ ሕክምናው ውጤት

በውሻ ሳንባ ውስጥ የሚገኝ የካንሰር ዕጢ ብዙውን ጊዜ ከሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ የመጣ ነው። ከራሱ ከሳንባው የሚነሳው ካንሰር አልፎ አልፎ የሚከሰት ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚያጠቃው ያረጁ ውሾችን ነው። ከዓይነቶቹም በብዛት የሚገኘው አዴኖካርሲኖማ ነው። ቀዶ ሕክምና የላቀ ጥቅም የሚሰጠው በአንድ ሎብ ብቻ ለተወሰነ ዕጢ በመሆኑ፣ ሁለቱን መለየት የሕክምናው መነሻ ነው።

የበሽታው ዋነኛ ምልክት የማይለቅ ሳል ነው። የትንፋሽ ማጠር፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ክሳትም ይታያሉ። አንዳንድ ጊዜ የእግር አጥንቶች ሽፋን ስለሚወፍር ውሻው ያነክሳል፤ መንስኤው ያለው ደረት ውስጥ በመሆኑ ዕጢው ሲወጣ ማነከሱ አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላል። ምልክት ሳያሳዩ፣ ለሌላ ምክንያት በተነሳ ራጅ ዕጢው የሚገኝባቸው ውሾችም አሉ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደረቱ በሦስት አቅጣጫ ራጅ ይነሳል። ሲቲ ስካን ትናንሽ ስርጭቶችንና ያበጡ ሊምፍ ኖዶችን ከራጅ በተሻለ ያሳያል። ቀዶ ሕክምናው በአጠቃላይ ማደንዘዣ፣ በጎድን አጥንቶች መካከል፣ ብዙውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ባለው ክፍተት ደረትን በመክፈት ይከናወናል። ዕጢው ያለበት ሎብ በሙሉ ይወጣል፤ የደም ሥሮቹና ብሮንካሱም በክር ወይም በስቴፕለር ይዘጋሉ። ከዚያም ደረት ውስጥ ለብ ያለ ሳላይን ተጨምሮ ሳንባው ሲነፋ አረፋ ከታየ አየር የሚያፈስ ቦታ መኖሩ ይታወቃል። የቀረው ሳንባ ጤናማ ከሆነ ውሻው የአንድ ሎብ መውጣትን በሚገባ ይቋቋማል። በደረቱ ውስጥ የሚገባው ቱቦ የሚወጣው አየርና ፈሳሽ እስኪቀንስ ድረስ ይቆያል። ሕመም የሚሰማው ውሻ በጥልቀት ስለማይተነፍስ በቂ የሕመም ማስታገሻ መስጠት ግድ ነው።

ውጤቱን በእጅጉ የሚወስነው የአየር ቧንቧው በሚከፈልበት ሥፍራ ያሉት ሊምፍ ኖዶች ሁኔታ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የ67 ውሾች ጥናት እንዳመለከተው፣ ካንሰሩ ወደ ሊምፍ ኖዶቹ ባልደረሰባቸው ውሾች የመኖር ጊዜው ሚዲያን 452 ቀናት ሲሆን፣ በደረሰባቸው ግን 126 ቀናት ብቻ ነበር። ምልክት ያልታየባቸው 545፣ ምልክት የነበራቸው ደግሞ 240 ቀናት ሚዲያን ነበራቸው።

ስለዚህ ሊምፍ ኖዶቹ በዓይን ጤናማ ቢመስሉም ናሙና ተወስዶ ለፓቶሎጂ ምርመራ መላክ ይኖርበታል። ያለዚህ ውጤት ለውሻው ባለቤት ስለ ቀሪው ጊዜና ስለ ቀጣዩ ሕክምና የሚሰጠው ምክር ከግምት አያልፍም። በሰው የሳንባ ካንሰር ሕክምናም የበሽታው ደረጃ ሲወሰን ሊምፍ ኖዶች የሚመረመሩት በዚሁ ምክንያት ነው።