ጉልቻው ቢለወጥ ማገዶ ይተርፋል

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ስለ ወጥ ከሆነ እውነት ነው። ስለ ማገዶ ከሆነ ግን አይሠራም። ጉልቻ ሲለወጥ ማገዶ ይተርፋል። ማገዶ ሲተርፍ ጉልበት ይተርፋል፤ ገንዘብ ይተርፋል፤ ለማሳም ፍግ ይተርፋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው።

ማገዶው ከየት ይመጣል?

እኛ የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ሰዎች ደገኞች ነን። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አጠገባችን ቆሟል። ብርዱን እናውቀዋለን። እሳት የማይነድበት ቤት ቤት አይባልም። ነገር ግን እሳቱ የሚበላው እንጨት እያነሰ መጥቷል።

ወደ ፋርጣ ወይም ወደ እስቴ ስትሄዱ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ የጥድና የወይራ ደን ካያችሁ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የቀረው በየደብሩ ዐጸድ ነው። ሌላው ማሳና ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፣ አዲስ አበባን ማገዶ ሲያጥራት ተተከለ። ከዚያ ወደየአገሩ ተዛመተ። ዛሬ ደግሞ ባሕር ዛፉ ለአጣና ይሸጣል። ለቤት የሚቀረው ቅጠሉና ጭራሮው ነው።

እንጨት ሲያጥር ምን ይነዳል? ኩበት ይነዳል። ኩበት እኮ የማሳ ምግብ ነው። ኩበት ያነደደ ቤት የገብሱንና የድንቹን ፍግ አነደደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ ለመግዛት ገንዘብ ያወጣል።

ሸክሙስ የማን ነው? የእናትና የሴት ልጅ ነው። ልጅቷ እንጨት ለቀማ በሄደችበት ቀን ትምህርት ቤት አትሄድም። ስለዚህ የማገዶ ነገር የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን አንተወው። የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው።

እሳቱ ወዴት ይሄዳል?

በአገራችን በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላዩ የሚያልቀው በእንጀራ ጋገራ ነው። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲቀመጥ ዙሪያው ክፍት ነው። ነበልባሉ በጎን ይወጣል። ነፋሱም ይወስደዋል። ምጣዱ የሚያገኘው ትንሹን ሙቀት ነው። ብዙው ሙቀት ለጣራውና ለደጁ ይሆናል።

ጭሱ ደግሞ ለዓይንና ለሳንባ ይተርፋል። ጭስ ለጋጋሪዋና በጀርባዋ ላዘለችው ሕፃን መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአገራችን አንድ የጋገራ ምድጃ ተሠራ። ስሙ «ምርጥ» ይባላል። ከአሸዋና ከሲሚንቶ በቅርጽ የተሠሩ ቁርጥራጮች ይገጣጠሙና ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል። እንጨቱ የሚገባበት አንድ በር አለው። ጭሱም በኋላ በኩል ይወጣል። እዚያ ላይ ድስት ጣል ቢያደርጉ ውኃ ይሞቃል። ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያተርፋል።

እስቲ እናስላ። አንድ ቤት ለጋገራ በወር 4 ሸክም እንጨት ያነዳል እንበል። ግማሹ ቢተርፍ 2 ሸክም ነው። በዓመት 2 ጊዜ 12 ይሆናል 24 ሸክም። ሃያ አራት ሸክም ከጀርባ ወረደ ማለት ነው።

«የተዘጋ ምድጃ እኮ ቤት አያሞቅም» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ሦስቱ ጉልቻ ቤቱን ያሞቃል፤ ማታም ብርሃን ይሰጣል። ግን እንጀራ ስንጋግር ለጋገራ፣ ማታ ስንሞቅ ለሙቀት ብናነድ ይሻላል። ማታ ለመሞቅ ጥቂት ፍም ይበቃል። ለዚያ ብሎ ጋገራውን በእጥፍ እንጨት መጋገር ኪሳራ ነው።

ምድጃውን ለመግዛት አቅም ያነሰውስ? ጭቃና ጭድ አቡክቶ ጉልቻውን ዙሪያውን ይከልለው። የእንጨት መግቢያና የጭስ መውጫ ይተውለት። እንደ ምርጥ ምድጃ ባይሆንም ነፋሱን ይከለክላል። እንጨቱም በደንብ ይድረቅ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውኃ በማድረቅ ነው።

ባቄላው ለምን አይበስልም?

ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ይህ የባቄላው ጥፋት አይደለም። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ውኃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወረታ ላይ በ94 ገደማ ይፈላል። ደብረ ታቦር ላይ ግን በ91 ገደማ ነው። ስለዚህ ንፍሮው በደብረ ታቦር ከወረታ ይልቅ ብዙ ይቆያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ውኃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብንጨምርበት ሙቀቱ አይጨምርም። የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። እንጨቱ በከንቱ ያልቃል። ስለዚህ፦

ባቄላውን፣ አተሩን፣ ሽምብራውን ማታ ውኃ ውስጥ እንዘፍዝፍ።
ድስቱን እንክደን።
ሲፈላ እሳቱን እንቀንስ።

ሌላም ዘዴ አለ። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ማገዶ ሲያጥር ሰዎች በገለባ ያበስሉ ነበር። የፈላውን ድስት ከነክዳኑ ገለባ በሞላ ሣጥን ውስጥ ይቀብሩታል። ገለባው ሙቀቱን አይለቅም። ምግቡ ያለ እሳት እየበሰለ ይቆያል። ገለባ እኛም አናጣም። በትልቅ ቅርጫት ሞልቶ መሞከር ነው። ድስቱ ግን በደንብ ፈልቶ፣ ከእሳት እንደወረደ ወዲያው ይቀበር። ከመብላት በፊትም እንደገና ይሙቅ።

መብራት ለገባላቸው

ኤሌክትሪክ የሚለካው በቆጣሪ ነው። በቆጣሪው የሚቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት ይባላል። 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ ለ1 ሰዓት ሲሠራ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

የድሮው አምፖል 60 ዋት ይወስዳል። በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። አዲሱ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን ለዚያው ብርሃን 2 እንኳ አይሞላም።

ትልቁ በላተኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። 2 ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ የድሮው አምፖል የ23 ማታ ፍጆታ ነው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ከመጋገር፣ ሊጡን አዘጋጅቶ በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። ምጣዱን ደጋግሞ ማጋል ሒሳብ ያበዛልና። ሁለት እንጀራ ሲቀር ደግሞ ምጣዱን አጥፉት። ሸክላው በያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል። የቤት መብራት ታሪፍ በደረጃ ነው። ትንሽ የተጠቀመ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋም ዝቅ ያለ ነው።

ቁጥር ማንበብ እዚህ ይጠቅማል

ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ቁጥርም ታነባላችሁ። እንግዲያው ሥራ እንስጣችሁ። ቆጣሪ ያላችሁ፣ በወሩ መጀመሪያ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። በወሩ መጨረሻም ጻፉ። ትልቁን ከትንሹ ቀንሱ። ሒሳቡ ሲመጣ አስተያዩት። ቆጣሪ የሌላችሁ ደግሞ ለጋገራ ያወጣችሁትን እንጨት ለአንድ ወር ቁጠሩ። በሚቀጥለው ወር ጉልቻውን ከልላችሁ፣ እንጨቱን አድርቃችሁ እንደገና ቁጠሩ። የኛን ቃል ብቻ አትመኑ። ደብተራችሁ ይመስክር።

ተወያዩበት

1. በቤታችሁ እንጨት የሚሸከመው ማን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?
2. ኩበት ከምድጃ ወደ ማሳ ቢመለስ ምን ይጠቅማል?
3. በደብረ ታቦር ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው ለምንድን ነው?