ውሃ ቢገዛም ሙቀቱን የሚያወጣው አየር ነው

ኮምፒዩተርን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፓምፑ ጥንካሬና ስለ ራዲያተሩ ርዝመት ነው። ቬንትሌተሩ ከዕቃው ጋር እንደመጣ ምራቂ ተቆጥሮ ይታለፋል። ገንዘብ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። በውድ የተገዛ ባለሦስት ቬንትሌተር ራዲያተር አየር እንደልብ ካላለፈበት፣ በአግባቡ ከተገጠመ አነስተኛ ራዲያተር ያነሰ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

አሠራሩ ከመኪና ራዲያተር ብዙም የተለየ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመው መዳብ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጣል። ፓምፑ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ይገፋል። በራዲያተሩ ስስ የብረት ቅጠሎች መካከል የሚያልፈው አየር ደግሞ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል። አንድ ሊትር ውሃ ከአንድ ሊትር አየር 3,500 ጊዜ ያህል የበለጠ ሙቀት የመያዝ አቅም አለው። ይሁን እንጂ ውሃው አመላላሽ እንጂ ሙቀት አጥፊ አይደለም። የተሸከመውን ለአየር ካላስረከበ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚመለሰው እንደሞቀ ነው። ፓምፑ የቱንም ያህል ቢበረታ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ ከሚያልፈው አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም።

በካርቶኑ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች

በቬንትሌተር ካርቶን ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው በሰዓት የሚነፍሰው የአየር መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው በሚሊ ሜትር ውሃ የሚለካው ግፊት ነው። የአየሩ መጠን የሚለካው ቬንትሌተሩ ፊት ለፊቱ ምንም ሳይጋረድበት ሲነፍስ ነው። ግፊቱ የሚለካው ደግሞ መውጫው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው። ራዲያተር ላይ የተገጠመ ቬንትሌተር የሚሠራው በሁለቱ መካከል ነው። ቅጠሎቹ በተጠጋጉና ራዲያተሩ በወፈረ ቁጥር የግፊቱ ቁጥር ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል።

የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኩባንያ የሚያቀርባቸው ሁለት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ቬንትሌተሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ኤንኤፍ-ኤስ12ኤ የተባለው በሰዓት 107.5 ኪዩቢክ ሜትር አየር ሲነፍስ ግፊቱ 1.19 ሚሊ ሜትር ነው። ኤንኤፍ-ኤፍ12 የሚነፍሰው 93.4 ኪዩቢክ ሜትር ብቻ ቢሆንም ግፊቱ 2.61 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የመጀመሪያው ምንም ለማይጋርደው የሣጥን መስኮት የሚስማማ ሲሆን፣ ለራዲያተር የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። የአየሩን መጠን ብቻ አይቶ ትልቁን ቁጥር የመረጠ ገዢ፣ ለራዲያተሩ የማይሆነውን ይዞ ይሄዳል።

የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ይበልጥ ይከብዳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቬንትሌተሩ የሚነፍሰው መጠን ያው ሆኖ፣ ሙቀት የሚሸከመው የአየር ክብደት ይቀንሳል። ለምሳሌ 250 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ኮምፒዩተር፣ በራዲያተሩ ውስጥ በሰዓት 90 ኪዩቢክ ሜትር አየር ቢያልፍ፣ በባሕር ወለል ላይ አየሩ በ8 ዲግሪ ያህል ሞቆ ይወጣል። በአዲስ አበባ ይኸው ወደ 11 ዲግሪ ይጠጋል። በአቧራ ወይም በተሳሳተ አገጣጠም ምክንያት የአየሩ መጠን በግማሽ ከቀነሰ 22 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ውሃው ደግሞ ከዚህም በላይ ይሞቃል።

ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ

አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ባለው ዕቃ ላይ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። የመጀመሪያው ጽዳት ነው። አቧራ የሚጠራቀመው በቬንትሌተሩና በራዲያተሩ መካከል ስለሆነ ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከመብራት ተነቅሎ፣ ቬንትሌተሩ ብሎኑ ተፈቶ መነሣት አለበት። አቧራው በአየር ሲነፋ ቬንትሌተሩ በኃይል እንዳይሽከረከር ክንፉን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክፍተት መድፈን ነው። በቬንትሌተሩ ጠርዝና በራዲያተሩ መካከል ክፍተት ካለ፣ የተገፋው አየር ቅጠሎቹን ሰንጥቆ ከማለፍ ይልቅ በቀላሉ መንገድ ያመልጣል። ዙሪያውን በስስ ስፖንጅ ወይም በጎማ ማሸግ ወጪው ጥቂት ነው።

ሦስተኛው የሣጥኑ ጉዳይ ነው። የሣጥኑን የጎን ክዳን ከፍቶ ኮምፒዩተሩን በሥራ ላይ ማቆየትና ሙቀቱን ማየት ይቻላል። ሙቀቱ ጎልቶ ከወረደ ጥፋቱ የራዲያተሩ ሳይሆን አየር የነፈገው የሣጥኑ ነው። ከፊት በመስተዋት የተዘጋ ሣጥን ብዙ ጊዜ ይህ ችግር አለበት። ራዲያተሩ ከላይ ተገጥሞ አየር ወደ ውጭ ካስወጣ፣ የሚያልፍበት በግራፊክስ ካርዱ የሞቀ አየር ነው። ከፊት ተገጥሞ ወደ ውስጥ ካስገባ ግን የክፍሉን ቀዝቃዛ አየር ያገኛል። በዚህ ጊዜ የሚጎዳው የሞቀውን አየር የሚቀበለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ምርጫው የትኛው ዕቃ ይበልጥ እንደሚሠራ አይቶ የሚወሰን ነው።

ፍጥነት መጨመር ቀላሉ ግን ውዱ መፍትሔ ነው። የቬንትሌተር ፍጥነት በ20 በመቶ ሲጨምር አየሩም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ የሚፈልገው ኃይል ግን ከ70 በመቶ በላይ ያድጋል፤ ጩኸቱም ይብሳል። በራዲያተሩ በሁለቱም ወገን ቬንትሌተር አድርጎ አንዱ እንዲገፋ ሌላው እንዲስብ ማድረግ፣ ራዲያተሩ ወፍራም ሲሆን በዝቅተኛ ፍጥነትም ጥሩ ውጤት ይሰጣል። በስስ ራዲያተር ላይ ግን ለተጨማሪው ወጪ የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው።

እንግዲህ የወጪው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ክፍተቱን መድፈን፣ ከዚያም ለሣጥኑ የአየር መግቢያ መክፈት ነው። እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ሙቀቱ አሁንም ካልወረደ ግፊቱ ከፍ ያለ ቬንትሌተር ይገዛል። ትልቅ ራዲያተር የመግዛት ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።