«አያስፈልገውም» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ሊልበርን ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባንኮኒው ኋላ ይቆማል፤ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ ዕቃ አቅራቢው ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ ይሆናል። ባለታክሲዎችም ብትሆኑ፣ ከኢንሹራንስ የመጣ ደብዳቤ ሲያስቸግራችሁ የምታስነብቡት ልጃችሁን ነው። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ይህንኑ ልጅ «ኢሶል» በሚባለው፣ እንግሊዝኛን ለሚማሩ ተማሪዎች በተዘጋጀው ፕሮግራም አስገብተነዋል የሚል ወረቀት ሲልክ ብዙ አባት ቅር ይለዋል። «የኔ ልጅ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል፤ ለምን ከጓደኞቹ ይነጠላል?» ይልና «አያስፈልገውም» በሚለው ላይ ይፈርማል። ሕጉ ይፈቅድለታል። እናንተ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጥናቶች ምን እንዳገኙ ስሙ።

የባንኮኒ እንግሊዝኛና የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ለየቅል ናቸው። ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲያስረዱ እንደቆዩት፣ ስደተኛ ልጅ ለጨዋታና ለመግባባት የሚበቃውን ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዘዋል፤ በትምህርት ቋንቋ ከእኩዮቹ ጋር ለመስተካከል ግን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። እኛ የምንሰማው የመጀመሪያውን ነው። ምላሱ ሲፈታ ያለቀ ይመስለናል።

የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዌይን ቶማስና ቨርጂኒያ ኮሊየር በ2002 ባወጡት ጥናት ከአምስት የትምህርት ወረዳዎች የተሰበሰቡ ከ200 ሺህ በላይ የተማሪ መዝገቦችን መርምረዋል። ወላጆቻቸው እርዳታውን እምቢ ብለው በቀጥታ መደበኛ ክፍል የገቡት ልጆች፣ አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ በንባብም በሂሳብም እርዳታውን ካገኙት እጅግ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ትምህርት አቋርጠው የወጡትም በብዛት ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። የሚያሳዝነው፣ ወላጆቹ የፈረሙት ለልጃቸው የሚበጀውን ያደረጉ መስሏቸው ነው።

እርዳታ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ልጁን ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ አውጥቶ እንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ደካማው ሆኖ ተገኝቷል። ሂሳቡንና ሳይንሱን ከእንግሊዝኛው ጋር አዋህዶ የሚያስተምረው ይሻላል፤ ከሁሉም የበለጠው ልጁ በገዛ ቋንቋውም በእንግሊዝኛም የሚማርበት ነው። በግዊኔት ካውንቲ አንዳንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በኮሪያኛ በሁለት ቋንቋ ማስተማር ጀምረዋል። አገር ቤትም የትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና በ2007 የቀረበው ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በጥቅሉ ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ስለዚህ «እንግሊዝኛው እንዳይበላሽ» ብላችሁ ቤት ውስጥ አማርኛውን አትከልክሉት። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከምታዋሩት፣ ስለ ሂሳቡም ስለ ሱቁ ገቢና ወጪም በደንብ አድርጋችሁ በአማርኛ አውሩት።

መብታችሁንም እወቁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 በላው ጉዳይ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ልጆች ያለ ቋንቋ እርዳታ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸው እኩል ትምህርት አይባልም ብሎ ወስኗል። በ1981 ደግሞ ከቴክሳስ በመጣው የካስታኔዳ ጉዳይ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት (ያን ጊዜ ጆርጂያም በሥሩ ነበረች) ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ፕሮግራሙ በእውቀት ላይ የተመሠረተ ይሁን፤ መምህርና መሣሪያ ይሟላለት፤ ውጤቱም ይታይ፣ ካልሠራም ይለወጥ።

እናንተም መምህራኑን ስታገኙ እነዚህኑ ጠይቁ። ልጄን በምን መንገድ ነው የምታስተምሩት? በሳምንት ስንት ሰዓት? መምህሩ ለዚህ የሠለጠነ ነው? ከዚያ በየዓመቱ የሚሰጠውን «አክሰስ» የተባለ ፈተና ውጤት አስመጡ። ነጥቡ ከ1 እስከ 6 ነው። የመናገሩን ከማንበቡና ከመጻፉ ጋር አስተያዩ፤ መናገሩ 5 ሆኖ መጻፉ 2 ከሆነ የባንኮኒው እንግሊዝኛ አታሏችኋል ማለት ነው። አስተርጓሚም ጠይቁ፣ ልጁን ግን አታድርጉት። ስለ ራሱ ውጤት የሚያስተረጉም ልጅ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው!

ቀድማችሁ የፈረማችሁም አልረፈደባችሁም። ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አመልክታችሁ ልጁ ወደ ፕሮግራሙ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማታ የምትነዱ ደግሞ፣ ስብሰባው በሥራ ሰዓት ከዋለባችሁ የጠዋት ቀጠሮ ይያዝልን በሉ።