ናሙናው ስንት ቀኑ ነው?

ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ፣ በእኛ ቤተ ሙከራ አጠራር ፒኤልኤ፣ ጥንካሬ አያንሰውም። በመሳቢያ ማሽን ሲጎተት ከ50 እስከ 60 ሜጋፓስካል ይችላል። ችግሩ አለመለጠጡ ነው፤ ርዝመቱ ከጥቂት በመቶ በላይ ሳይጨምር ቀጭ ይላል። ከእሱ ብቻ ፌስታል ልሥራ ያለ ሰው፣ የሚንኮሻኮሽና ሽንኩርት ሲሞላበት የሚተረተር ነገር ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ማለዘቢያ እንጨምርበታለን። ከሲትሪክ አሲድ የሚገኙት ሲትሬቶችና ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተለመዱ ናቸው። በረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች መካከል ገብተው መንቀሳቀሻ ይሰጧቸዋል። 20 በመቶ ያህል ሲገባ፣ ፕላስቲኩ ደረቅነቱን የሚለቅበት ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወርዶ ወደ ክፍል ሙቀት ይጠጋል። ናሙናው ከራሱ ርዝመት እጥፍ በላይ ሊለጠጥ ይችላል፤ ጥንካሬው ግን በእጅጉ ይወርዳል።

ይህን ውጤት ያየ ተማሪ እየሮጠ ይመጣል። እኔ የምጠይቀው የናሙናውን ዕድሜ ነው።

ማለዘቢያው ያላቀቃቸው ሞለኪውሎች መደርደሪያ ላይም ሆነው ሥራ አይፈቱም። ቀስ በቀስ እየተሰለፉ ክሪስታል ይሠራሉ፤ እዚያ ውስጥ ቦታ ያጣው ማለዘቢያ ይገፋና አንዳንዴ እንደ ላብ ገጹ ላይ ይወጣል። ፖሊኢትሊን ግላይኮል ሲበዛ ይህ ጠባይ ጎልቶ ይታያል። ትናንት የተለጠጠው ቅንብር ከርሞ ሲሳብ ተመልሶ ተሰባሪ ይሆናል።

ናሙና የመፈተኑን ሥራ ለሮቦት መስጠት ደግሞ ዛሬ ብርቅ አይደለም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ያስተዋወቁት ሥርዓት ቅርጾችን በሥሪ-ዲ ፕሪንተር ያትማል፣ በሮቦት ክንድ አንስቶ ማሽን ላይ ይጨምቃል፣ ከውጤቱ ተነሥቶም ቀጣዩን ቅርጽ ራሱ ይመርጣል። ድንቅ ነው። የእነሱ ጥያቄ ግን ስለ ቅርጽ ነው፤ የእኛ ፕላስቲክ ሲቀመጥ ይለወጣል። ከማተሚያው የወጣውን ወዲያው የሚስብ ሮቦት ለእኛ የሚመርጥልን ትኩስ ሳለ የሚያምረውን ቅንብር ነው።

ሮቦት ሥራ ያፋጥናል የሚለው ወሬ ስለዚህ ብዙም አይማርከኝም። ሮቦቱን የምፈልገው ሰው ለሚሰለቸው ሥራ ነው፤ ናሙናውን በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት አቆይቶ፣ ከፊሉን በማግስቱ፣ ከፊሉን በሳምንቱ፣ የቀረውን በወሩ ሳይረሳ እንዲስብልኝ። የምረቃ ቀኑ የደረሰ ተማሪ ለዚህ ትዕግሥት የለውም፤ አልፈርድበትም።

ካሜራም ይጨመርለት። ከመቆንጠጫው የተንሸራተተ ናሙና በቁጥር ሲታይ የተለጠጠ ይመስላል፤ መንጋጋው ሥር የተሰበረውም ስለ ቅንብሩ የሚናገረው ነገር የለም። ልምድ ያለው ቴክኒሻን እነዚህን በዓይኑ ለይቶ ይጥላቸዋል። ማሽኑ ካልተነገረው ሁሉንም አማካይ ውስጥ ይከታቸውና በዚያው ላይ ተመሥርቶ የነገውን ቅንብር ያዝዛል።